የልጁ ድራማና የአያቱ ወንበር

ዝናቡ ጀምሯል። ጋምቤላ ያለን ሰዎች በየደጃችን የተጠራቀመውን ውሃ የምናፋስስበት፣ የተቀደደውን አጎበር የምንሰፋበት ሰሞን ነው። ስለ ወባ ባለፉት ሳምንታት ብዙ ስለተጨዋወትን ዛሬ አልመለስበትም። የዛሬው ጨዋታችን ከመርፌና ከክኒን ትንሽ ራቅ ይላል፤ ከጤና ግን ብዙም አይርቅም።

ጥያቄውን ያመጡልኝ አንዲት አያት ናቸው። የልጃቸው ሥራ ሌላ ከተማ ስለሆነ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። ልጁ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ደርሷል። «ሲስተር፣ ድራማ ክበብ የሚሉት ነገር ውስጥ ገብቶ ማታ ማታ ይዘገይብኛል» አሉኝ። «ቤት ከገባ በኋላም ብቻውን ያወራል። አንዴ ሽማግሌ ይሆናል፣ አንዴ ሰካራም ይሆናል። ትምህርቱን ትቶ አዝማሪ ሊሆንብኝ ነው ወይስ ነገር ዓለሙ ዞሮበት ነው? ልከልክለው?»

ይህ የእኚህ እናት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ሰኔ ሲቃረብ፣ ተማሪዎች ለትምህርት መዝጊያ በዓል ሲለማመዱ፣ በብዙ ቤት የሚነሣ ጥያቄ ነው። አጭሩ መልሴ «አይከልክሉት» የሚል ነው። ምክንያቱን ለመናገር ግን ስለ ቴአትራችን፣ ከዚያም ስለ ከተማችን መድረክ ትንሽ ማውራት ይኖርብኛል።

«አዝማሪ ሊሆን ነው?» ከሚለው ልጀምር። አዝማሪነት በራሱ ነውር አለመሆኑ ይታወቅልኝና፣ የሀገራችንን ቴአትር ያቆሙት ሰዎች እነማን እንደነበሩ እንይ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ተውኔት የሚባለው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። የጻፉት በሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኚህ ሰው በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በመንግሥታት ማኅበርም ኢትዮጵያን ወክለው የተከራከሩ ናቸው። ተውኔቱ የታየው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነበር። እንስሳትን እያናገሩ የጊዜውን ሹማምንት ብልሹ አሠራር አሳዩበት። ተመልካቹ ግን ቀበሮው ማን፣ ዝንጀሮው ማን እንደሆነ አልጠፋውምና ተውኔቱ ታገደ።

አያቶች፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የኢትዮጵያ ቴአትር «ሀ» ብሎ የጀመረው በእንስሳት ተረት ነው። ማለትም እናንተ መብራት ሲጠፋ ለልጅ ልጆቻችሁ በምትነግሩት ነገር ነው።

ጣሊያን ሊወረን በተቃረበበት በ1927 ዓ.ም. ደግሞ የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። መሥራቹ መኮንን ሀብተ ወልድ ትልቅ የመንግሥት ሰው ነበሩ። ሕዝቡን ለሀገሩ ለመቀስቀስ የተመረጠው መሣሪያ ንግግር፣ ዘፈንና ተውኔት ነበር። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ትልቁ አዳራሽ ሲመረቅ የታየው «ዳዊትና ኦርዮን» ደራሲው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት መኮንን እንዳልካቸው ናቸው። ስለዚህ እማማ፣ ልጁ የገባበት መንገድ ሚኒስትሮችና ሕግ አርቃቂዎች የሄዱበት ነው፤ አያፍሩበት።

ንቀቱ ግን አልነበረም አልልም። በመጀመሪያው ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይን የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ውርደት ይታይ ነበርና። እነ አስናቀች ወርቁ ስማቸውን የተከሉት ያንን ሁሉ ንቀት ተሻግረው ነው። እኔም በሥራ ዘመኔ በጋምቤላ ትምህርት ቤቶች ያየኋቸው ብዙ ድራማዎች ላይ እናት የሚሆነው ሻሽ ያሰረ ወንድ ልጅ ነበር። «ልጅቷ የታለች?» ስል መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቤተሰቧ ከለከላት።»

ቀጥሎ የመጡት ደራስያን ቴአትሩን ወደ ቤታችን አስገቡት። መንግሥቱ ለማ በ«ጠልፎ በኪሴ» እና በ«ያላቻ ጋብቻ» ስለ ጠለፋና ስለ ጋብቻ እያሳቁ ጠየቁን። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን በአማርኛ አቆመ፤ ወጋየሁ ንጋቱን የመሰለ ተዋናይም በዚያ መድረክ ላይ ታየ። ጸጋዬ ከጀርመናዊው ብሬሽት ተውኔት መነሻ አድርጎ ያዘጋጀው «እናት ዓለም ጠኑ» ደግሞ በጦርነት መካከል እየነገደች ልጆቿን ለማኖር ስትል ልጆቿን አንድ በአንድ በጦርነቱ ስለምታጣ እናት ነው። ግጭት ባለበት አካባቢ ለኖረ ሰው ይህ ተረት አይደለም።

ዛሬስ ቴአትራችን በምን ሁኔታ ላይ ነው? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለዘመድ ጥየቃ ወይም ለሕክምና አዲስ አበባ ስሄድ አንድ ቴአትር ሳላይ አልመለስም። ካየሁት ሁለት ነገር እላለሁ።

አንደኛው ደስ የሚል ነው። ሕዝቡ ቴአትር ይወዳል። የውድነህ ክፍሌ «ባቢሎን በሳሎን» በብሔራዊ ቴአትር ለዓመታት ታይቷል። በረከት በላይነህ የጻፈውን «እያዩ ፈንገስ»ን ግሩም ዘነበ ብቻውን ቆሞ ሲጫወተው ሰው ተሰልፎ ይገባ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ መድረክ፣ ጥቂት ዕቃ። ቴአትር ብዙ ገንዘብና ብዙ ሰው ካልተገኘ አይሆንም ለሚሉ ይህ በቂ መልስ ነው። የጌትነት እንየው «የቴዎድሮስ ራዕይ» ደግሞ ታሪክ በመድረክ ላይ ሲቆም ወጣቱ ከመጽሐፍ ይልቅ በጥሞና እንደሚከታተለው አሳይቷል።

ሁለተኛው ያሳስበኛል። ቴአትር ቤት ሲባል አፋችን ላይ የሚመጡት ብሔራዊ፣ ሀገር ፍቅር፣ ራስ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሕፃናትና ወጣቶች፣ ሁሉም አዲስ አበባ ናቸው። ጎበዝ ተዋናይ ሲገኝ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማና ማስታወቂያ ይወስደዋል። ኑሮ ነውና አልፈርድበትም። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ፊልሞችን በአማርኛ እያስወራ በየሳሎናችን ገብቷል። እኔም አያለሁ። ነገር ግን ቴሌቪዥን ውስጥ ያለው ሰው እኔ ባለቅስም ብስቅም አያየኝም። ሶፋዬ ላይ ብተኛም ግድ የለውም። መድረክ ላይ ያለው ልጅ ግን ያየኛል፣ ይሰማኛል፣ ዝም ስል ዝምታዬን ያውቀዋል። ልዩነቱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ጋምቤላ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ እንርቃለን። ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ትኬት ቆርጦ የሚገባበት ቴአትር ቤት የለንም። ይህ ማለት ግን መድረክ አናውቅም ማለት አይደለም። እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ በ1978 ዓ.ም. እዚህ ስመጣ ያገኘሁት ሕዝብ ያለ መጋረጃ የሚጫወት ሕዝብ ነበር። የኑዌር ወጣት ለሚወደው በሬ ዘፈን ገጥሞ በሰው ፊት ቆሞ ያዜማል። አኙዋኩ በዘፈኑ ያወድሳል፣ በዘፈኑም ይወጋል። መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ የየራሳቸው ጨዋታ አላቸው። በየቤተ ክርስቲያኑ ገና ሲደርስ ልጆች እረኛና መልአክ ሆነው በቋንቋቸው ይጫወታሉ።

«ድራማ» የሚለው ቃል በከተማችን የተስፋፋው ግን በአብዛኛው በእኛ በጤና ሰዎች በኩል ነው። እዚህ ላይ የማውቀውን ልናገር፤ ሁለት ዓይነት ድራማ አይቻለሁና።

በ1998 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በአጭሩ አተት የምንለው፣ በክልላችን ተነሥቶ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛመተ። መኪና ላይ ሞንታርቦ ጭነን «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ እጃችሁን ታጠቡ» እያልን ዞርን። ሰው ይሰማና ወደ ሥራው ይሄዳል። አንድ ቀን ጥቂት ወጣቶች «ሲስተር፣ እኛ እንሥራው» ብለው ማንጎ ዛፍ ሥር በአካባቢው ቋንቋ አንድ አጭር ጨዋታ አሳዩ። ሕፃን ተቅማጥ ይዞታል። እናት በጥብጣ የያዘችውን ኦአርኤስ ልትሰጠው ስትል አማት «ውሃ ከሰጠሽው ይብስበታል» ብላ እጇን ትይዛለች። እናት አማቷን ትፈራለች። ሕፃኑ ከጨርቅ የተሠራ ነው። ሁላችንም ጨርቅ መሆኑን እናያለን። ልጅቷ ጣሳውን እንደያዘች ዝም ብላ ቆመች። ከተቀመጡት መካከል አንዲት አሮጊት ተነሥተው «ስጪው! እኔ ነኝ ያልኩሽ፣ ስጪው!» ብለው ጮኹ። ሰው ሁሉ ሣቀ። ከዚያ በኋላ በዚያ መንደር «ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ውሃ ይሰጣል ወይ?» ብሎ የሚከራከረኝ አልነበረም። አንድ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ እንደሚበጠበጥ ልጆቹ ሳይቀሩ እየተቀባበሉ ይናገሩት ነበር።

አውጉስቶ ቦአል የሚባል ብራዚላዊ የቴአትር ሰው ተመልካቹ «ቁም!» ብሎ ጨዋታውን አስቁሞ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ መፍትሔውን የሚያሳይበትን ቴአትር ለዓለም አስተምሯል። እኚያ አሮጊት ስሙን ሰምተው አያውቁም፤ ያደረጉት ግን እሱኑ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ድራማ ጉዳት አድርሷል። ክልላችን በኤች አይ ቪ ክፉኛ የተመታ ነው። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት መካከል በሀገር ደረጃ 1.5 በመቶው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ሲገኝ በጋምቤላ 6.5 በመቶ ነበር። በ2008ቱ ጥናትም ሀገሪቱ 0.9 ስትሆን እኛ 4.8 ነበርን። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበብ ተቋቋመ፤ በየክበቡም ድራማ ተሠራ። ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ነበር። አንዲት «መጥፎ ሴት» አለች። አንድ ገንዘብ ያለው ሰውዬ አለ። ሁለቱም ይከሳሉ፣ ያስላሉ፣ ነጭ አንሶላ ለብሰው ይሞታሉ። ከዚያ አንድ ተማሪ ወጥቶ «ስለዚህ ወገኖቼ እንጠንቀቅ» ይላል። ጭብጨባ። አለቀ።

በማግስቱ የሕክምና ካርዱን ደብቆ የሚመጣውን ሰው የማየው እኔ ነበርኩ። በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላም ቢሆን ብዙ ሰው ሊመረመር አይደፍርም ነበር። መድረኩ ላይ ያየው አንሶላውን ነዋ! መድኃኒቱን ውጦ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት መድረክ ላይ አላየም። በኋላ ላይ ክበቦቹ እንዲህ ያለ አባትና እንዲህ ያለች እናት ማሳየት ሲጀምሩ ነው ሰው ሲወያይ የሰማሁት። በሬዲዮም «የቀን ቅኝት» የተሰኘው ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች ሲተላለፍ ሰው የሚወደው ገጸ ባሕርይ ይሳሳታል፣ ይማራል፣ ይኖራል። በተራ ቁጥር ሦስት ሰዓት ሙሉ ከማስተማር የዚያች የ«ፍቅርተ» ታሪክ ይበልጥ ይሰማ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩት አንድ መመዘኛ አለ። ድራማ ስናይ «ምን መከረን?» ብለን ብቻ አንጠይቅ። «ያ ሰው እኔን ይመስላል ወይ? ያ ጠላት የመሰለኝ ሰው እንደ እኔ ያዝናል ወይ?» ብለንም እንጠይቅ። የሚሰብክ ድራማ ጭብጨባ ያገኛል። የሚያሳይ ድራማ ግን ሰው ቤቱ ይዞት ይገባል። የአዲስ አበባውንም ሆነ የሰባተኛ ክፍሉን ድራማ የምመዝነው በዚሁ ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ድራማ የት ሄደ? ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አለቀ። አበሉ ሲቆም ልምምዱ ቆመ። የተሠራው ለሪፖርት ነበርና ፎቶው ከተነሣ በኋላ ወጣቶቹ ተበተኑ። ድራማው ያንድ ድርጅት ነበር እንጂ የመንደሩ አልነበረም።

የቀረልን ጭፈራ ነው። ኅዳር 2008 ዓ.ም. ዐሥረኛው የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች በዓል በከተማችን ሲከበር እንግዳው ሁሉ የእኛን ጭፈራ አይቶ ተደነቀ። እኔም ኮራሁ። ሆኖም ጭፈራ ብቻውን አይበቃም። በአምስት ደቂቃ ጭፈራ ውስጥ ሰው ያምራል፤ አይናገርም። የጋምቤላ ልጅ በትልቅ መድረክ ላይ ሲዘል እንጂ ሲከራከር፣ ሲጸጸት፣ ሲያፈቅር፣ ሲቀልድ መታየት አለበት። ውበታችንን ያየ ሰው ሐሳባችንንም ይስማ።

ለእኛ ለራሳችንም ያስፈልገናል። ከተማችን ባለፉት ዓመታት ያየችውን እናውቃለን። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ልጆቻችንን ሰብስበን በር ዘግተን ያደርንበት ሌሊት ጥቂት አይደለም። በአንድ ትምህርት ቤት መዝጊያ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። በዚያ ሰሞን ተቃቅረው ከነበሩት ከሁለቱ ወገኖች የአንደኛው ልጅ የሆነ ተማሪ፣ ልጇ የሞተባትን የሌላኛውን ወገን እናት ሆኖ በእነሱ ቋንቋ አለቀሰ። ሲጀምር አነጋገሩ ስላልተስተካከለ ሣቁበት። ቀስ በቀስ ሣቁ ጠፋ። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት «ልክ እንደኛ ነው የሚያለቅሰው» አሉ። ሽማግሌዎች በዕርቅ ስብሰባ ላይ በወራት የሚደክሙበትን አንድ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በሩብ ሰዓት አሳየ። ዕርቁን ተካ አልልም። ግን የዚያች እናት ጆሮ ተከፈተ።

እንዲህ ላለው መድረክ የሚሆን ጽሑፍ ከሩቅ መፈለግ የለብንም። አኙዋኮች የሚዛመዷቸው የሉኦ ሕዝቦች፣ እስከ ዩጋንዳና ኬንያ ድረስ፣ አንድ የቆየ ተረት አላቸው። አገሩ ሲለያይ አነጋገሩ ይለያያል እንጂ ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ወንድም የሌላውን ጦር ይዞ ዝሆን ወጋ። ዝሆኑ ከነጦሩ ጫካ ገባ። ባለ ጦሩ «ምትክ አልቀበልም፣ የራሴን ጦር አምጣ» አለ። ወንድሙ ብዙ መከራ አይቶ ያንኑ ጦር አመጣ። ከጊዜ በኋላ የባለ ጦሩ ሕፃን የወንድሙን ጨሌ ዋጠ። አሁን ተራው የእሱ ሆነና «ምትክ አልቀበልም፣ የራሴን ጨሌ» አለ። ጨሌው የተገኘው የሕፃኑ ሆድ ተቀዶ ነው። ወንድማማቾቹም እስከ ዛሬ ተለያዩ።

ስለ በቀል ከዚህ የበለጠ ተውኔት ማን ይጽፋል? ጦር፣ ጨሌ፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዲት እናት። አራት ልጆችና አንድ ምንጣፍ ይበቁታል።

«አዳራሽ የለንም፣ ዋና ከተማ አይደለንም» ለሚለውም ከውጭ ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። በኬንያ፣ ሊሙሩ አጠገብ ባለችው የካሚሪቱ መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች በገዛ እጃቸው ክፍት መድረክ ሠርተው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ከባልደረባው ጋር የጻፈውን ተውኔት በኪኩዩ ቋንቋ ተጫወቱ። መንግሥት ከለከለው፤ ደራሲውን አሰረ፤ በ1982ም መድረኩን አፈረሰው። እንጨትና ሣር ያስፈራው አይመስለኝም። ያስፈራው ሰው በራሱ ቋንቋ ራሱን ማየቱ ነው። በአየርላንድ ደግሞ ዋና ከተማዋ ደብሊን ከ1904 ጀምሮ አቤይ የሚባል ዝነኛ ቴአትር ቤት ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1975 ግን ከደብሊን ርቃ በምትገኘው በጎልዌይ ወጣቶች ድሩይድ የተባለ ቡድን አቋቋሙ፤ ተውኔቶቻቸውን ጭነው ወደ ትናንሽ ከተሞችና ደሴቶች ወሰዱ። ከመሥራቾቹ አንዷ ጋሪ ሃይንስ በ1998 በአሜሪካ ታላቁን የቶኒ ሽልማት በተውኔት አዘጋጅነት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። መንገዱ ሁልጊዜ ከዋና ከተማ አይጀምርም።

እንግዲህ ወደ አያታችን ጥያቄ ልመለስ። እማማ፣ ልጁ ብቻውን የሚያወራው ቃሉን እያጠና ነው። ጤነኛ ነው። ምግቡን የሚበላ፣ የሚተኛ፣ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወት ከሆነ አያስቡ። እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከራቀ፣ ሌላ የማይሰማውን ድምፅ እሰማለሁ ካለ ግን ያ ከድራማ ጋር አይያያዝምና ጤና ጣቢያ ይዘውት ይሂዱ።

ስለ መዘግየቱ እውነት አለዎት። መምህሩን ያነጋግሩ፤ ልምምዱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይለቅ። በከተማችን ምሽት ማለት ለደኅንነትም ለወባ ትንኝም አይመችም። የቤት ሥራው መጀመሪያ ይሠራ። ይህ ውል ነው፤ ልጁም የሚወደው ነገር እንዳይከለከል ሲል ያከብረዋል።

ከዚያ ቃሉን ያጥኑለት። ማንበብ የሚችሉ ከሆነ ደብተሩን ይዘው የሌላውን ሰው ንግግር ያንብቡለት። ማንበብ ባይችሉም ተቀምጠው ይስሙት፤ ሽማግሌ ሲሆን «ሽማግሌ እንዲህ አይነሣም፣ ጉልበቱን ይዞ ነው» ይበሉት። ከእርስዎ የተሻለ አስተማሪ ከየት ያገኛል? ተረትም ይንገሩት፤ በራስዎ ቋንቋ፣ አያትዎ በነገሩዎት ዓይነት። ታናናሾቹን ሰብስቦ እንዲያጫውታቸው ይተዉት። የጦሩንና የጨሌውን ተረት የሚነግሩ ወላጆች ለትንንሾቹ መጨረሻውን ያለዝቡት። ለትልልቆቹ ግን አይሸፍኑት፤ «አንተ ብትሆን የት ላይ ትተወው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ፍቀዱላት። ከወንድሟ ጋር ትሂድ፣ ከወንድሟ ጋር ትመለስ። የእናትን ሐዘን ሻሽ ባሰረ ወንድ ብቻ ስናይ እስከ መቼ?

የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። በመዝጊያው ቀን ሄዳችሁ ተቀመጡ። በየዓመቱ የማየው አንድ ዓይነት ነው፤ ፊት ለፊት ያሉት ወንበሮች ለክብር እንግዶች ይያዛሉ፣ እንግዶቹ ንግግር አድርገው ይወጣሉ፣ ልጆቹ ድራማቸውን ለልጆች ያሳያሉ። አዋቂው ሥራ ላይ ነው ወይም «የልጆች ነገር» ብሎ ቀርቷል። እኔ ስለ አዳራሽ ያለኝ ቅሬታ ትንሽ ነው። ማንጎ ዛፍ አለን። የጎደለን ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ አዋቂ ነው። ተዋናይ የሚያድገው ተመልካች ሲያገኝ ነው። ባትስማሙበትም ተቀመጡ፤ አነጋገሩ ባይስተካከልም አትሣቁበት። ሲያልቅ «ጎበዝ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ «ያ አባት ለምን እንዲያ አደረገ?» ብላችሁ ጠይቁት። ልጁ ያንን ጥያቄ ከጭብጨባው በላይ ይዞት ይኖራል።

እንግዲህ እማማ፣ ነጠላዎን አጣፍተው ቀደም ብለው ይሂዱ፤ ፊት ለፊት ይቀመጡ። ቦታው የክብር እንግዳ ነው ቢልዎት «የክብር እንግዳው እኔ ነኝ» ይበሉት።